ኃይል መኖሩ ብቻ አይበቃም

አንድ አገር የሚያኮራ ሥራ ሠርቶ በፈጸመ ጊዜ ደስ መሰኘቱ ተገቢ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመርቆ በተከፈተ ጊዜ የኢትዮጵያ ሕዝብ የተደሰተው ያለ ምክንያት አልነበረም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረቱ ድንጋይ ከተቀመጠበት ቀን አንሥቶ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ የተደከመበት፣ መምህሩ ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ተማሪው ከኪሱ እየቆጠበ ቦንድ የገዛበት ሥራ ነውና። አሥራ ሦስቱ ተርባይኖች በአንድነት ሲሽከረከሩ 5,150 ሜጋ ዋት ኃይል ለመስጠት ይችላሉ። ይህም ቁጥር ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በቃል የሚነገር ሆኗል።

ነገር ግን የሠርጉ ዕለት እልልታ ሌላ፣ የትዳሩ ኑሮ ሌላ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ያህል ኃይል አለን?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ያለን ኃይል በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ወር፣ ለማን ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከተማሪዎችና ከወጣት ሹማምንት ጋራ ልንመረምረው አስበናል፤ መልሱን ነገ በየቢሮው ተቀምጠው የሚጽፉት እነርሱ ናቸውና።

ኤሌክትሪክ ከሌላው ሸቀጥ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ጤፍ ሲበዛ በጎተራ ይከተታል፤ ቅቤ ሲተርፍ በቅል ይቀመጣል፤ ቡናም ዋጋ እስኪያገኝ በመጋዘን ይቆያል። ኤሌክትሪክ ግን በተመረተበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል አለበት። በአዲስ አበባ አንዲት እመቤት የኤሌክትሪክ ምጣዷን በሰካች ጊዜ፣ በግልገል ጊቤ ወይም በበለስ የሚሽከረከሩት ተርባይኖች በዚያችው ቅጽበት የምጣዷን ያህል ጭነት ይጨመርባቸዋል። የሚመረተውና የሚፈለገው እኩል ከሆነ በመሥመሩ ውስጥ ያለው ምልልስ በሴኮንድ 50 ጊዜ ሆኖ ይጸናል። ፍላጎቱ ከምርቱ ሲበልጥ ምልልሱ ይዘገያል፤ ምርቱ ከፍላጎቱ ሲበልጥ ደግሞ ይፈጥናል። ነገሩ ከልክ ሲያልፍ ማሽኖቹ ራሳቸውን ከጉዳት ለማዳን ከመሥመሩ ይወጣሉ። አንዱ ሲወጣ ሸክሙ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ የቀሩትም ሸክሙ ሲከብዳቸው ይከተሉታል፤ አገሩም ይጨልማል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ አስተዳደር ማለት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ ሚዛን መጠበቅ ማለት ነው።

ይህን ሚዛን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ችሎታ መሐንዲሶች ተጣጣፊነት ይሉታል። ቃሉ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ነገሩ በየቤታችን የታወቀ ነው። ያልተጠራ እንግዳ ሲመጣ ሳትደናገጥ ማዕዱን የምታበረክት፣ የተጠራው እንግዳ ሲቀር ደግሞ ምግቡን ሳታባክን ለነገ የምታሳድር ባለሙያ ሴት ይህን ጥበብ ታውቀዋለች። የኤሌክትሪክ ሥራም እንደዚሁ ሰፊ ባልትና ይፈልጋል። ልዩነቱ የኤሌክትሪኩ እንግዳ በሴኮንድ ውስጥ መጥቶ በሴኮንድ ውስጥ የሚሄድ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ 5,150 ሜጋ ዋት እንመለስ። ብዙ ሰው ይህ ኃይል ዓመቱን ሙሉ ሳይቀነስ የሚፈስስ ይመስለዋል። የሒሳቡ ነገር ግን እንዲህ ነው። በዓመት ውስጥ 8,760 ሰዓቶች አሉ። ግድቡ ሁሉንም ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ከ45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ በሰጠ ነበር። ከግድቡ በዓመት ይገኛል ተብሎ የታቀደው ግን 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ግድም ነው፤ ይኸውም ከሲሶው ብዙ አይበልጥም። ምክንያቱም ዓባይ በዓመት የሚያመጣው ውኃ የተወሰነ ነው። የእንስራ አፍ ቢሰፋ ውኃው ቶሎ ይቀዳል እንጂ በሆዱ ያለው አይጨምርም። ሜጋ ዋት የእንስራው አፍ ነው፤ ጊጋ ዋት ሰዓት ግን በሆዱ ያለው ውኃ ነው።

ይህን ስንል የግድቡን ክብር ለመቀነስ አይደለም። እንዲያውም ዋናው ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አፉ ሰፊ ሆዱም 74 ቢልዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ እንስራ ማለት፣ በተፈለገው ሰዓት ብዙ ለመስጠት፣ በማይፈለገውም ሰዓት ውኃውን ይዞ ለመቆየት የሚችል ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን ራሱን በጎተራ ማኖር ባይቻልም፣ ኤሌክትሪክ የሚሆነውን ውኃ ግን በተራሮች መካከል ማኖር ይቻላል። በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነት ጎተራ የሚሆን መሬትና ወንዝ ያላቸው አገሮች ብዙ አይደሉም። እንግዲህ ኢትዮጵያ ያገኘችው ኃይል ብቻ ሳይሆን ኃይልን በጊዜው የመስጠት ችሎታ ነው። ጥያቄውም ይህን ችሎታ በዕውቀት እንጠቀምበታለን ወይስ እንደ ተራ ውኃ እናፈስሰዋለን የሚል ነው።

የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ በዚህ ነገር ረገድ ጥሩ መምህር ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ቤተ መንግሥት ካበራው ጄኔሬተር ተነሥቶ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ በተሠራው በአባ ሳሙኤል አልፎ፣ በ1952 ዓ.ም. ወደ ቆቃ ግድብ ደርሷል። ቆቃ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. በተጀመረው በመጀመሪያው የአምስት ዓመት ፕላን ዘመን ሲሆን፣ ኃይሉ 43 ሜጋ ዋት ግድም ነው። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ቢሆንም ቆቃ የኤሌክትሪክ ሥራ ብቻ አልነበረም። የአዋሽን ጎርፍ ይገታል፤ በበጋ ለወንጂ የሸንኮራ አገዳ የሚሆነውን ውኃ ያስተካክላል፤ ከእርሱ የሚወጣው ውኃም ዝቅ ብሎ በአዋሽ 2ኛና 3ኛ ጣቢያዎች እንደገና ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ኃይል፣ አራተኛ ጊዜ ስኳር ይሆናል ማለት ነው። ከግልገል ጊቤ 1ኛ የሚወጣው ውኃም 26 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ በጊቤ 2ኛ እንዲሠራ የተደረገው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ የተቀናጀ ፕላን ይባላል፤ ስሙ አዲስ ቢሆንም ሥራው አዲስ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ደግሞ አንድ ድክመት እናነባለን። ይኸውም ከሞላ ጐደል ሁሉንም ነገር በአንድ ደመና ላይ መጣላችን ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውኃ ስለሚገኝ፣ ክረምቱ ሲያጥር መብራቱም ያጥራል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3ኛ ግድብ ውኃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ መታደሉን፣ ፋብሪካዎችም ቤቶችም ተራ ጠባቂ መሆናቸውን፣ ለሱዳንና ለጂቡቲ ይሸጥ የነበረውም ኃይል መቋረጡን የምናስታውሰው ነው። ጊቤ 3ኛ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት እንደሚሰጥ ተነግሮ ነበር። የእንስራው አፍ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላም ያው 1,870 ነበር፤ የጐደለው የሆዱ ውኃ ነው።

ይህም በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ዛምቢያ ኤሌክትሪኳን በጣም በበዛው ክፍል የምታገኘው ከውኃ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ የካሪባ ሐይቅ እጅግ ስለ ጐደለ፣ ከተሞቿ በቀን ውስጥ ለብዙ ሰዓት መብራት አጥተው ነበር። ካሪባ በስፋቱ ከዓለም ታላላቅ ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱ ነው። ከዚህ የምንማረው የሐይቅ ትልቅነት ብቻውን ከድርቅ የማያድን መሆኑን ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድር ነው? አንደኛው መድኃኒት በራሳችን ሰማይ ላይ አለ። በኢትዮጵያ ብዙ ስፍራ ነፋሱ የሚበረታው ዝናሙ ካቆመ በኋላ በበጋው ወራት ነው። ፀሐይም የምትጠነክረው በዚያው ወቅት ነው። ማለት ወንዞች በሚሳሱበት ጊዜ ነፋስና ፀሐይ ይበረታሉ፤ ነፋስና ፀሐይ በሚደክሙበት በክረምቱ ደግሞ ወንዞች ይሞላሉ። ይህን መፈራረቅ ሆነ ብሎ የሠራው መሐንዲስ የለም፤ ተፈጥሮ ራሷ ያሰናዳችው ፈረቃ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዳማ 1ኛ የነፋስ ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተከተለው የአዳማ 2ኛ 153 ሜጋ ዋት እንዲሰጡ ተደርገው ተሠርተዋል። ከግድቦቹ ጋራ ሲተያዩ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ጥቅማቸው ግን በቁጥራቸው ብቻ አይመዘንም። በጥር ነፋሱ በነፈሰ ሰዓት ሁሉ በግድቡ ውስጥ ሳይፈስ የቀረው ውኃ ለሚያዝያ ይተርፋልና።

ነፋስ በአንድ ሰዓት ነፍሶ በሌላው ሰዓት ይተኛል፤ ፀሐይም በደመና ትሸፈናለች፤ ሲመሽም ትገባለች። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰዎች «የማይታመን ኃይል ነው» ይሉታል። እውነት ነው፤ ብቻውን ሲሆን አይታመንም። ከውኃ ጋራ ሲጋባ ግን ይታመናል። ዴንማርክ ዛሬ ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምታገኘው ከነፋስ ነው። ይህን ልታደርግ የቻለችው ነፋሷ ከሌላው ነፋስ የተሻለ ታማኝ ሆኖ አይደለም። ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ጀምሮ ከባሕር በታች በተዘረጋ ሽቦ ከኖርዌይ ግድቦች ጋራ በመያያዟ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ዴንማርክ ትሸጣለች፤ ኖርዌይም ውኃዋን ትቆጥባለች። ነፋሱ ሲተኛ ኖርዌይ ውኃዋን ትለቃለች። ለዴንማርክና ለኖርዌይ ሁለት አገርና አንድ ባሕር ያስፈለጋቸው ነገር፣ ለእኛ በአንድ አገር ውስጥ ተሟልቶልናል።

ይሁን እንጂ ነፋስና ፀሐይን መጨመር ጥንቃቄ የማይፈልግ ሥራ እንዳይመስለን። በፈረንጆች አቆጣጠር ሚያዝያ ወር 2025 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ በእኛ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እኩለ ቀን ላይ፣ እስፓኝና ፖርቱጋል በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ኤሌክትሪካቸውን አጡ። ባቡር በመንገድ ቆመ፤ ሰው በአሳንሰር ውስጥ ቀረ። በዚያ ቀን ፀሐይ ሞልታ ነበር፤ ኃይልም አልጐደለም። የተበላሸው የመሥመሩ ቮልቴጅ ከልክ በላይ መውጣቱና የሚገታው መሣሪያ በጊዜው በቂ ሆኖ አለመገኘቱ ነበር። አገሮቹ እንደገና ለመነሣት ከፈረንሳይና ከሞሮኮ በኩል በመጣ ኃይልና በውኃ ጣቢያዎቻቸው ተረድተዋል። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ሀብታም አገር እንኳ ኃይል ሞልቶት ሚዛኑን ካጣ ይጨልማል። ሁለተኛው፣ ጐረቤትና ውኃ በክፉ ቀን የሚደርሱ ወዳጆች ናቸው።

የጐረቤት ነገር ከተነሣ በራሳችን ድንበር ያለውን እንመልከት። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ ሱስዋ እስከሚባል ስፍራ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የ500 ኪሎ ቮልት መሥመር ተዘርግቷል። መሥመሩ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለማሳለፍ የሚችል ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኬንያ በ200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀምራለች። ከጂቡቲና ከሱዳን ጋራ የተዘረጉትም መሥመሮች ከዚህ በፊት የነበሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ ስለ እነዚህ መሥመሮች ሲወራ የምንሰማው ስለሚያስገኙት የውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም መሥመር እንደ መንገድ ነው፤ የሚወስድ ሁሉ ለማምጣትም ይችላል። ኬንያ በኦልካሪያ ከምድር ውስጥ የሚወጣ እንፋሎት አላት፤ እንፋሎቱ ድርቅ አያውቀውም። በቱርካና ሐይቅ አጠገብም 310 ሜጋ ዋት የሚሰጥ የነፋስ ጣቢያ አላት። በእኛ ወንዞች ላይ ክፉ ዓመት ሲመጣ ኃይል በዚያው ሽቦ ወደ ሰሜን እንዲመጣ የሚፈቅድ ውል ከአሁኑ መኖር አለበት። ውል የሚጻፈው በጥጋብ ቀን ነው፤ በረኃብ ቀን የሚጻፍ ውል ውድ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አምራቹ ነው። ግማሹ ሚዛን ግን በተጠቃሚው እጅ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። እንግዲህ መቶ ሺህ ቤቶች በአንድ ምሽት በአንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋግሩ፣ በአማካይ 350 ሜጋ ዋት ያህል ይፈልጋሉ ማለት ነው። ይህም ስምንት የቆቃ ግድቦች በአንድነት ከሚሰጡት ኃይል በላይ ነው። በበዓል ዋዜማ መብራት ሲንገዳገድ የምናየው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን እንጀራ ከሌሎች ነገሮች የሚለይበት አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ አንድ ጊዜ ተጋግሮ ሦስት ቀን ይበላል። መብራት በምሽት ካልበራ ለቀን አይጠቅምም፤ ምጣዱ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይልቅ ከጧቱ አራት ሰዓት ቢሰካ የቤተሰቡ ማዕድ አይጐድልም። ይህ መቶ ሺህ ቤት ሰዓቱን ቢለውጥ፣ አገሪቱ አንድም ድንጋይ ሳትክብ አንድ ግድብ የሠራች ያህል ይሆንላታል።

ሰው ግን ያለ ምክንያት ልማዱን አይለውጥም። ለቤት ተጠቃሚ የሚታሰበው ሒሳብ ዛሬ በብዛቱ እንጂ በሰዓቱ አይለይም። በምሽት የጋገረችውም በረፋድ የጋገረችውም እኩል ይከፍላሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሪፉ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ሲደረግ ሕዝቡ ተጨማሪ ሸክም ተሸክሟል። ታሪፉ ከተነካ ዘንድ፣ ሰዓቱን ለሚያመቻች ሰው ቅናሽ የሚሰጥ ሆኖ ቢሰናዳ ሸክሙ ይቀልል ነበር፤ መሥመሩም ያርፍ ነበር። እንግሊዞች በቴሌቪዥን የሚወደድ ትርዒት ባበቃ ቁጥር ሕዝቡ ሁሉ ሻይ ለማፍላት በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ የሚደርስባቸውን ችግር ያውቁታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. በዌልስ የተከፈተው የዲኖርዊግ ጣቢያ እንዲህ ላለው ድንገተኛ ፍላጎት ይደርሳል። ሌሊት ርካሽ በሆነ ኃይል ውኃውን ወደ ተራራ እየገፋ፣ ሲፈለግ በሴኮንዶች ውስጥ ይለቀዋል። እነርሱ ለሻይ ተራራ ፈለፈሉ፤ እኛ ለእንጀራ ሰዓት መምረጥ አያቅተንም።

ይህ ነገር ከምጣድ አልፎ ወደ መኪና ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። በቤት ውስጥ በ7 ኪሎ ዋት የሚሞላ አንድ መኪና የሁለት ምጣድ ያህል ይወስዳል። ባለ መኪናው ከሥራ ገብቶ በአንድ ሰዓት ምሽት ቢሰካው የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያስጨንቃል፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እንዲሞላ ቢያደርገው ግን በተኛ መሥመር ላይ የተኛ ኃይል ይጠቀማል። አንዱ መኪና እንደ አሰካኩ ሸክምም ረዳትም ሊሆን ይችላል። እንዲሁም በቅርብ ዓመታት ለዲጂታል ገንዘብ ሥራ ብዙ ኃይል የሚገዙ ኩባንያዎች መጥተዋል። ስለ እነርሱ የሚደረገው ክርክር ብዙ ነው። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ማሽናቸው በአንድ ቅጽበት ሊጠፋ በአንድ ቅጽበት ሊበራ የሚችል ነው፤ የሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ግን እንዲህ አይደለም። እንግዲያው ከእነርሱ ጋራ የሚደረገው ውል ኃይል በሚጠብበት ሰዓት መጀመሪያ የሚቋረጡት እነርሱ መሆናቸውን በግልጽ የሚናገር መሆን ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ከላይ የጠቀስናቸውን ነገሮች አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ሊያደርጋቸው አይችልም። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ኃይል አመንጭቶ የሚያስተላልፍ፣ ሌላው ለተጠቃሚው የሚያከፋፍል ሆኗል። ከእነርሱ ውጪ ግድቡን የሚመለከተው የውኃው መሥሪያ ቤት አለ፤ መኪናውን የሚመለከተው የመጓጓዣው አለ፤ ፋብሪካውን የሚመለከተው የኢንዱስትሪው አለ፤ ደኑን የሚመለከተው የግብርናው አለ፤ አዲሱን ሰፈር የሚያቅደው የከተማው አለ። እያንዳንዱ በየራሱ ጠረጴዛ የየራሱን ፕላን ቢጽፍ፣ ፕላኖቹ የሚገናኙት በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ነው። እዚያ ሲገናኙም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል።

ለምሳሌ ማገዶን እንውሰድ። የአገሪቱ ሕዝብ ከሚጠቀምበት ኃይል እጅግ የሚበዛው ዛሬም እንጨት፣ ከሰልና ኩበት ነው። ይህን ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ ጉዳይ አድርጎ አይቆጥረውም። ነገር ግን ዛፉ ሲቆረጥ አፈሩ ይታጠባል፤ የታጠበው አፈር ወንዝ ገብቶ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። ቆቃ ባለፉት ዓመታት ከሆዱ ቀላል ያልሆነውን ክፍል ለደለል አስረክቧል። እንግዲህ በአዋሽ ራስጌ የተተከለ ዛፍ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው፤ በከተማ የተሰካ ምጣድም የደን ጥበቃ ሥራ ነው። ኩበቱ ከምድጃ ቢተርፍ ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ስለዚህ የእርሻም ሥራ ነው። የሒሳቡን አንድ ገጽ ብቻ ያነበበ ሹም ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ያያል፤ የተቀናጀ ፕላን ግን ሁሉንም በአንድ መዝገብ ላይ ያደርጋቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላየም፤ አስቀድሞ ሽቦውን ለገጠሩ ማድረስ ይሻላል፤ የሚዛንና የሰዓት ጣጣ የጠገበ አገር ወሬ ነው» የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የወጣ ስለሆነ በቸልታ አናልፈውም። ገጠሩ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ሽቦው ደርሶ ኃይሉ የማይደርስ ከሆነ ለገበሬው ምን ጠቀመው? ኃይል በሚጐድልበት ቀን ማን ቀድሞ እንደሚቆረጥ እንመልከት። ብዙውን ጊዜ በመሥመሩ ጫፍ ያለው መንደር ነው። ወፍጮ ቤቱ ይቆማል፤ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ክትባት ይበላሻል፤ የመስኖው ፓምፕ በአበባው ወቅት ዝም ይላል። በከተማ ያለው ሀብታም ጄኔሬተሩን ያስነሣል፤ ጄኔሬተር የሌለው ድኻ ግን በጨለማ ይቀመጣል። ስለዚህ ሚዛኑን መጠበቅ የጠገበ ሰው ወሬ ሳይሆን የደካማው ሰው ዋስትና ነው። ደግሞም ከዋናው መሥመር እጅግ ለራቀ መንደር፣ ሽቦው እስኪደርስ ብዙ ዓመት ከማስጠበቅ ይልቅ በዚያው በፀሐይና በባትሪ ትንሽ ጣቢያ ማቆም ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የትኛው መንደር በየትኛው መንገድ መብራት ያግኝ የሚለውንም የሚመልሰው በአንድነት የታሰበ ፕላን ነው።

እኛ ከትምህርት ቤት በቅርብ የወጣን ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ትልቅ ቁጥር እንወዳለን። ስንት ሜጋ ዋት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ቢልዮን ብር እያልን እንቆጥራለን። ቁጥሩ አይጠላም። ነገር ግን አንድ ወጣት ሹም የኃይል ፕላን በፊቱ በቀረበ ጊዜ ከቁጥሩ ቀጥሎ አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ለአገሩ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ይህ ኃይል የሚገኘው በየትኛው ሰዓትና በየትኛው ወር ነው? ሁለተኛ፣ ሁለት ክረምት በተከታታይ ቢከፋ በምን ይተካል? ሦስተኛ፣ የሚጠቀምበት ሰው ሰዓቱን ለማዛወር ይችላል ወይስ አይችልም፤ ቢያዛውርስ ምን ያገኛል? አራተኛ፣ ይህን ወረቀት ከእኛ ሌላ ማየት የነበረበት መሥሪያ ቤት የትኛው ነው፤ አይቶታልን? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ሥልጣን አያስፈልግም፤ ብርቱ ልብና ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። ተማሪውም የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ሲመርጥ ከሩቅ አገር መጻሕፍት ከመቅዳት ይልቅ የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደሚሸከም ቢመዘግብ፣ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥቱም የሚጠቅም ሥራ ይሠራል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ውኃው፣ ነፋሱ፣ ፀሐዩና እንፋሎቱ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ድር ናቸው። ምጣዱም፣ መኪናውም፣ ፋብሪካውም፣ የጐረቤትም ሽቦ እንደዚሁ ድር ናቸው። ለየብቻቸው ከተተዉ አንዱ በድርቅ፣ ሌላው በምሽት፣ ሌላውም በአንድ ብልሽት ይበጠሳል። በአንድ ሸማ ላይ ከተሸመኑ ግን ጨለማን የሚያስሩ ይሆናሉ። ድሩን የሚያቀርበው ሕዝቡ ነው፤ ግድቡን ከደመወዙ ቆርሶ በመሥራት ድርሻውን አሳይቷል። መሸመን ግን በየቢሮው የተቀመጠው ሹም ሥራ ነው።

የኅዳሴው ግድብ ሐይቅ ዛሬ በጉባ ተራሮች መካከል ተኝቷል። በውስጡ ያለው ውኃ ብዙ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ግን አይደለም። ክፉ ክረምት የሚመጣበትን ዓመት ማንም አስቀድሞ ሊነግረን አይችልም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። በዚያን ጊዜ የመንደሩ ወፍጮ እንዳይቆምና የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ነገር፣ በጥጋቡ ዘመን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንጽፈው ፕላን ነው። ጠረጴዛው አለ፤ ወንበሮቹም አሉ። የየመሥሪያ ቤቱ ሰው መዝገቡን ይዞ ይምጣ።